የአብካዝያ ተቃዋሚዎች፦ መሪ ለማውረድ የበቃ፣ ሥርዓት ለመለወጥ ያልበቃ ኃይል



እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 15 ቀን 2024 በጥቁር ባሕር ዳርቻ በምትገኘው በሱኹሚ ከተማ የተሰበሰበው ሕዝብ የምክር ቤቱን ግቢ የብረት በር በከባድ መኪና ጎትቶ ነቀለና ወደ ውስጥ ገባ። ለቁጣው ምክንያት የሆነው ከሁለት ሳምንት በፊት በሞስኮ የተፈረመው የኢንቨስትመንት ስምምነት ነበር፤ ስምምነቱ በአብካዝያ ለሚሠማሩ የሩሲያ ባለሀብቶች የግብርና የጉምሩክ እፎይታ፣ እንዲሁም ሰፊ የንብረት ዋስትና ይሰጣል። ከአራት ቀናት በኋላ የግዛቲቱ ፕሬዚዳንት አስላን ብዣኒያ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ዲሴምበር 3 ቀን ደግሞ ምክር ቤቱ ስምምነቱን ውድቅ አደረገው።

ዜናውን ከሩቅ የሰማ ሁሉ የጠየቀው አንድ ነገር ነበር። አብካዝያ በሩሲያ ላይ ተነሣች ማለት ነውን? መልሱ «አይደለም» የሚል ነው። የአመፁ መሪዎች በዚያው ዕለት ተቃውሟቸው በሩሲያ ወዳጅነት ላይ እንዳልሆነ በይፋ ተናግረዋል። ወደ ጆርጂያ ለመመለስ የጠየቀም አልነበረም። የአብካዝያን የውስጥ ፖለቲካ በሞስኮና በትብሊሲ መካከል በተዘረጋ አንድ መስመር ላይ ብቻ ለመለካት የሚሞክር መሳቱ አይቀርም።

የትግሉ መነሻ

አብካዝያ በሶቪየት ዘመን በጆርጂያ ሥር የነበረች ራስ ገዝ ሪፐብሊክ ናት። በ1989 የሕዝብ ቆጠራ ከነዋሪዎቿ መካከል አብካዞች 18 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ ጆርጂያውያን ከ45 በመቶ በላይ ነበሩ። ከኦገስት 1992 እስከ ሴፕቴምበር 1993 የተካሄደው ጦርነት ይህን ሚዛን ገለበጠው፤ ከ200,000 በላይ ጆርጂያውያንም ከቤታቸው ተፈናቀሉ። በኦገስት 2008 ሩሲያ ለግዛቲቱ የነፃ አገርነት ዕውቅና ሰጠች። እሷን የተከተሉት አገሮች ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ የተቀረው ዓለም አብካዝያን የጆርጂያ አካል አድርጎ ያያታል።

ከዚህ ታሪክ አንድ መሠረታዊ ስምምነት ተወልዷል። በአብካዝ ልሂቃን ዘንድ ገዢውም ተቃዋሚውም ነፃነትን አይከራከሩበትም፤ የሩሲያን የጸጥታ ዋስትናም አይቃወሙም። ክርክሩ ያለው ከዚያ ወዲህ ነው። መሬቱ የማን ይሁን? በጀቱን ማን ይቆጣጠር? ከሞስኮ ጋር የሚፈረመው ውል የት ላይ ይቁም? የተቃዋሚው ጎራ አጥንትም ይኸው ነው። አምጻኻራን የመሳሰሉት በጦርነቱ ዘማቾች የተመሠረቱ ማኅበራት በፖለቲካው ውስጥ የከበደ ድምፅ ያላቸው፣ «ለዚህ መሬት ደማችንን አፍስሰናል» የሚለው አቤቱታ በምክር ቤትም ሆነ በአደባባይ ስለሚያስደምጥ ነው።

የንብረት ጥያቄ ይህን ያህል የሚያስቆጣውም ስለዚህ ነው። በ2011 ቆጠራ የግዛቲቱ ሕዝብ 240,000 ያህል ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ አብካዞች ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው። የባሕር ዳርቻው ለውጭ ገዢዎች ከተከፈተ በአንድ ትውልድ ውስጥ በራሳችን አገር እንግዶች እንሆናለን የሚል ሥጋት በየቤቱ አለ። የፒጹንዳ የመንግሥት ማረፊያ ለሩሲያ እንዲተላለፍ የሚፈቅደው ስምምነት በዲሴምበር 2023 መጨረሻ ሲጸድቅ፣ ለውጭ ዜጎች የመኖሪያ አፓርታማ እንዲሸጥ የሚፈቅደው ረቂቅም በ2024 ሲቀርብ የተነሣው ቁጣ ከዚሁ ሥጋት የመነጨ ነው። ረቂቁ በተቃውሞው ብርታት እንዲነሣ ተደርጓል።

አራት ጊዜ የተደገመ ታሪክ

በ2004 ሞስኮና የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ቭላዲስላቭ አርድዚንባ ራውል ኻጂምባን ደገፉ። የተቃዋሚው ዕጩ ሰርጌይ ባጋፕሽ ግን በጠባብ ልዩነት አሸነፉ። ሩሲያ የባቡር መስመሩን በማቋረጥና የመንደሪን ምርት ድንበር እንዳይሻገር በማገድ ጫና አደረገች፤ መንደሪን ለብዙ ቤተሰብ የዓመቱ ዋና ገቢ ነውና ቅጣቱ እያንዳንዱን ጓዳ ነካ። በመጨረሻ ሁለቱ ተፎካካሪዎች በአንድ የምርጫ ጥምረት እንዲቀርቡ ተስማምተው በጃንዋሪ 2005 ባጋፕሽ ፕሬዚዳንት፣ ኻጂምባ ምክትል ሆኑ።

በሜይ 2014 ሰልፈኞች የፕሬዚዳንቱን ጽሕፈት ቤት ያዙ፤ አሌክሳንደር አንክቫብም ሥልጣን ለቀቁ። የተቃዋሚዎቹ መሪ የነበሩት ኻጂምባ በኦገስት ተመረጡ። በጃንዋሪ 2020 በተራቸው ኻጂምባ በተመሳሳይ መንገድ ወረዱ፤ የ2019 ምርጫ ውጤታቸውም በፍርድ ቤት ተሻረ። በማርች 2020 ተቃዋሚው ብዣኒያ ተመረጡ። ከአራት ዓመት በኋላ እሳቸውም ከሥልጣን የወረዱት በዚሁ መንገድ ነው።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» እንዲሉ፣ የተለወጠው የወንበሩ ባለቤት እንጂ ሥርዓቱ አልነበረም። ትናንት ውሉን «አገር መሸጥ» ብሎ ያወገዘ ሰው ሥልጣን በያዘ ማግስት የሚያገኘው ያንኑ በሩሲያ ዕርዳታ ላይ የቆመ በጀትና ያንኑ የኤሌክትሪክ እጥረት ነው። ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ ሞስኮ ማኅበራዊ ክፍያዎችን አቋረጠች። በዚያው ክረምት የኤንጉሪ ግድብ ውኃ ሲያንስ ነዋሪዎች መብራት የሚያገኙት በቀን ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ሆነ። የኋላ ኋላ መብራቱ የተመለሰው ከሩሲያ በመጣ ኃይል ነው። ተቃዋሚው ሕዝብን አነሣሥቶ ውልን ማስቀረት ይችላል፤ የሩሲያን በጀትና መብራት የሚተካ አማራጭ ግን እስካሁን ይዞ አልቀረበም።

ሰላማዊው መንገድም ጠባብ ሆኖ ቆይቷል። በጁላይ 2016 ቅድመ ምርጫ እንዲካሄድ ተቃዋሚዎች ባነሡት ጥያቄ መሠረት ሕዝበ ውሳኔ ቢጠራም፣ የተሳተፈው መራጭ 1.23 በመቶ ብቻ በመሆኑ ውጤት አልባ ሆነ። አደባባይ ከኮሮጆ የበለጠ እንደሚሠራ ደጋግሞ የታየበት ኅብረተሰብ ወደ አደባባይ ማዘንበሉ አያስገርምም። ዋጋው ግን ከባድ ነው። በዲሴምበር 2024 የክሪፕቶ ገንዘብ ማምረቻን የሚመለከት ረቂቅ ሕግ ውይይት ላይ በነበረበት ዕለት አንድ የምክር ቤት አባል ሌላውን በምክር ቤቱ ሕንፃ ውስጥ ተኩሶ ገደለው።

ይህ ሁሉ እያለ አንድ ነገር ሊካድ አይገባም። በማርች 2025 በተካሄደው ሁለተኛ ዙር ምርጫ ሞስኮ በግልጽ የደገፈቻቸው ባድራ ጉንባ ወደ 55 በመቶ ድምፅ አግኝተው ሲያሸንፉ፣ የተቃዋሚው ዕጩ አድጉር አርድዚንባ ከ41 በመቶ በላይ አግኝተዋል። ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ምርጫ እንዲህ ያለ ቁጥር አያወጣም። በአብካዝያ እውነተኛ ፉክክር አለ።

ከፉክክሩ ውጭ የቀሩት

ይሁን እንጂ ፉክክሩ የሁሉም አይደለም። የአብካዝያ ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንቱ የአብካዝ ተወላጅ እንዲሆን ያዝዛል። በምሥራቅ በጋሊ ወረዳ የሚኖሩት ጆርጂያውያን ደግሞ የፖለቲካው ማስፈራሪያ ሆነው ኖረዋል። በ2014 ተቃዋሚዎች በአንክቫብ ላይ ካቀረቧቸው ዋና ክሶች አንዱ ለእነዚህ ነዋሪዎች ፓስፖርት ሰጥተዋል የሚል ነበር። ከዚያ ዓመት ምርጫ በፊትም ከ22,000 በላይ ስሞች ከመራጮች መዝገብ ተሠረዙ። ከ2015 ጀምሮ በወረዳው ትምህርት ቤቶች የጆርጂያኛ ማስተማሪያነት ደረጃ በደረጃ በሩሲያኛ ተተክቷል።

የተቃዋሚው እንቅስቃሴ ትልቁ ሕመም እዚህ ላይ ነው። በሞስኮ ፊት «መብታችን ይከበር» ብሎ የሚቆመው ወገን፣ በጋሊ ገበሬ ፊት ሲቆም በሩን ዘግቶ ይገኛል። የአብካዞች ከምድረ ገጽ የመጥፋት ሥጋት እውነተኛ ታሪክ አለው፤ የ19ኛው መቶ ዘመን ስደት ብዙዎቹን ወደ ኦቶማን ግዛት አፍልሷቸዋል። የአንዱ ሥጋት እውነት መሆኑ ግን የሌላውን መብት አይሽርም። ከቤታቸው የተፈናቀሉት ሰዎችም በየትኛውም የሱኹሚ ተቃዋሚ ፕሮግራም ውስጥ የመመለስ ተስፋ አላገኙም።

ለፖሊሲ ሰዎች የሚቀረው ሥራ

የአውሮፓ ኅብረት በ2009 ዕውቅና ሳይሰጡ መነጋገር የሚል አቅጣጫ አውጥቷል። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ በተግባር ግን ከሁለቱ ቃላት የጸናው «ዕውቅና ሳይሰጡ» የሚለው ብቻ ነው። ለአብካዝ ወጣት የትምህርት፣ የጉዞና የንግድ በር ሆኖ የቀረው ሩሲያ ብቻ በሆነ ቁጥር፣ የተቃዋሚው ክርክርም በዚያው በር ስፋት ይወሰናል።

ስለዚህ የሕግ አውጪዎች አማካሪዎች ሦስት ነገሮችን ሊይዙ ይገባል። አንደኛ፣ በሱኹሚ የሚነሣን ሰልፍ «ፀረ ሩሲያ» ወይም «የምዕራብ ወዳጅ» ብሎ ከመሰየም በፊት ሰልፈኛው የጠየቀውን ማንበብ። ሁለተኛ፣ የጆርጂያን የግዛት አንድነት ሳይነኩ ከሲቪክ ማኅበራት፣ ከጋዜጠኞችና ከተማሪዎች ጋር የሚደረገውን ግንኙነት ማስፋት። ሦስተኛ፣ በእያንዳንዱ ውይይት ላይ የጋሊን ነዋሪዎችና የተፈናቃዮችን መብት ማንሣት፤ ለአብካዞች የሚደረግ አክብሮት ለእነሱ ዝምታ መሆን የለበትም።

በሃያ ዓመት ውስጥ የአብካዝያ ሕዝብ አራት ጊዜ ኃያላንን እንቢ ብሏል። እንቢታው ወደ ተጠያቂ መንግሥት የሚያደርሰው ግን ከአደባባዩ ወደ ኮሮጆው ሲሻገር፣ ኮሮጆውም በዚያች ምድር ለሚኖር ሁሉ ሲከፈት ነው። ከውጭ የሚሰጥ ድጋፍም መለኪያው ይህ ሊሆን ይገባዋል።