ዳገቱና ሕዝቡ፤ ከጌጃ ሰፈር እስከ እንጦጦ

ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



የኢትዮጵያ ስም በዓለም ፊት ከሚነሣባቸው ነገሮች አንዱ ሩጫ መሆኑን ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዓመቱ የመጨረሻ ዕለት፣ በሮም ጎዳናዎች ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ፈጸመ። በ1957 ዓ.ም. እርሱ ራሱ በቶኪዮ፣ በ1961 ዓ.ም. ማሞ ወልዴ በሜክሲኮ፣ በ1972 ዓ.ም. ምሩጽ ይፍጠር በሞስኮ፣ በ1984 ዓ.ም. ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና ያገኙትን ድል የማያውቅ የለም።

የዚህ ንግግር ጉዳይ ግን ሜዳሊያ የሌለው ሩጫ ነው። ይኸውም አንድ ሠራተኛ፣ ተማሪ ወይም ጡረተኛ፣ ማንንም ለመቅደም ሳይሆን አካሉን ለማፍታታትና መንፈሱን ለማደስ ሲል፣ ከቤቱ ወጥቶ ዳገት ወጥቶ ቁልቁለት ወርዶ የሚመለስበት ሶምሶማ ነው። የዓለም ሻምፒዮኖች በበቀሉባት አገር እንዲህ ያለው ሩጫ የሚገባውን ክብር አላገኘም። ማይክል ክራውሊ የተባለ የአንትሮፖሎጂ ምሁር በአዲስ አበባ ከሯጮች ጋር እየኖረና እየሮጠ ያጠናውን እ.ኤ.አ. በ2020 በመጽሐፍ አሳትሟል። እርሱ እንደ ተረዳው፣ በሯጮቹ አስተሳሰብ ብቻውን የሚሮጥ ሰው የሚሮጠው ለጤና ብቻ ነው፤ ለመለወጥ የሚፈልግ ግን ከባልንጀሮቹ ጋር መሮጥ አለበት። «ለጤና ብቻ» የሚለው አነጋገር የሚያሳንስ ነው። ይሁን እንጂ ከብዙ ሺህ ሰው መካከል ሻምፒዮን የሚሆነው አንድ ሲሆን፣ ጤና የሚያስፈልገው ግን ሁሉም ነው።

ስለዚህ የሚነሣው ጥያቄ ይህ ነው። በመሐል ከተማ የሚኖር ተራ ሰው ወደ ዳገቱ በእግሩ መድረስ ይችላልን? ካልቻለስ ይህን የማስቻሉ ሥራ የማን ነው?

የመንገዱ ሁኔታ

ለምሳሌ ያህል ጌጃ ሰፈርን መውሰድ ይቻላል። ጌጃ ሰፈር በልደታ ክፍለ ከተማ የሚገኝ ነባር የመሐል ከተማ ሰፈር ነው። ልደታ ለግንባታ ሞያ ሰዎች እንግዳ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1954 በስዊድን ርዳታ የተቋቋመው፣ ብዙዎች «ሕንፃ ኮሌጅ» እያሉ የሚጠሩት የትምህርት ተቋም የሚገኘው በዚሁ አካባቢ ነው። ከ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በልደታ በተካሄደው መልሶ ማልማት ብዙ የጭቃ ቤቶች ፈርሰው የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ተተክተዋል። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም በዚያው ያልፋል። ነዋሪው ከግቢ ወደ ፎቅ፣ ከእግር ወደ ባቡርና ታክሲ ተሸጋግሯል። ቀድሞ ውሃ ለመቅዳት፣ ገበያ ለመሄድ፣ ቤተ ክርስቲያን ለመሳም ሳያስበው ይሄድ የነበረውን ርቀት አሁን አስቦና ጊዜ መድቦ ካልሆነ አይሄደውም።

ከጌጃ ሰፈር ጎሕ ሲቀድ የሚነሣ ሰው በተክለ ሃይማኖት፣ በፒያሳና በስድስት ኪሎ አድርጎ ሽሮ ሜዳ ይደርሳል። እስከዚያ ድረስ ያለው ለስለስ ያለ፣ ነገር ግን የማያቋርጥ ዳገት ነው። ከሽሮ ሜዳ በላይ መንገዱ ጠንከር ይላል፤ የባሕር ዛፉም ሽታ ይጀምራል። ይህ ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከውጭ መጥቶ የከተማዋን የማገዶ ችግር ያቃለለ ነው። ዳገቱ ሲያልቅ እንጦጦ ማርያም ይገኛል። አዲስ አበባ ሳትቆረቈር ቤተ መንግሥቱ በዚህ ተራራ ላይ እንደ ነበረ የታወቀ ነው።

የእንጦጦ ራስ ለመሐንዲስ ሌላም ትርጉም አለው። ተራራው የሁለት ተፋሰሶች መለያ ነው። በደቡብ ጎኑ የወረደ ዝናብ በአቃቂ በኩል ወደ አዋሽ ሄዶ በአፋር በረሃ ሲቀር፣ በሰሜን ጎኑ የወረደው በሙገር በኩል ዓባይን ይቀላቀላል። ከልደታ ተነሥቶ በእግሩ እዚያ የደረሰ ሰው የቆመው በሁለት ታላላቅ ወንዞች ድንበር ላይ ነው።

ዳገቱ በቁጥር ሲለካ

የሞያ ጓደኞች በቁጥር መነጋገር ስለሚወዱ፣ የዚህን ጉዞ ድካም በቁጥር ማስቀመጥ ተገቢ ነው። ልደታ ከባሕር ወለል በላይ በ2,350 ሜትር ገደማ፣ እንጦጦ ማርያም ደግሞ በ3,000 ሜትር ገደማ ይገኛሉ ቢባል፣ ልዩነቱ 650 ሜትር ያህል ይሆናል። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ገላውን ይህን ያህል ከፍ ለማድረግ የሚሠራው ሥራ 446 ኪሎ ጁል ያህል ነው። ጡንቻ ከሚጠቀምበት ኃይል ወደ ሥራ የሚለውጠው ሩቡን ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ለከፍታው ብቻ የሚወጣው ኃይል ወደ 1,785 ኪሎ ጁል ወይም 430 ኪሎ ካሎሪ ይጠጋል። ወደ ፊት ለመራመድ የሚያስፈልገው ከዚህ በላይ ነው።

ዊልያም ኔይስሚዝ የተባለ የስኮትላንድ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው የጉዞ ጊዜ መገመቻ ዛሬም ይሠራበታል። በእርሱ ስሌት አንድ ሜትር ከፍታ መውጣት ስምንት ሜትር ያህል ሜዳ ከመሄድ ጋር እኩል ነው። ፊሊፕ ስካርፍ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመው ጥናት የተራራ ሯጮችን የውድድር ውጤቶች መርምሮ ይህ ድርሻ ለሩጫም ከእውነት የራቀ አለመሆኑን አሳይቷል። እንግዲህ የእንጦጦ 650 ሜትር ዳገት በሜዳ ላይ 5.2 ኪሎ ሜትር እንደ መጨመር ይቈጠራል።

አየሩም ይሣሣል። የአየር ግፊት በልደታ ከባሕር ወለሉ 75 በመቶ ያህል ሲሆን በእንጦጦ ወደ 69 በመቶ ይወርዳል። ከላይ የደረሰው ሯጭ ከሰፈሩ ይልቅ ቶሎ ቶሎ መተንፈሱ የድክመት ምልክት አይደለም፤ የፊዚክስ ሕግ ነው። ጀማሪ ሰው ዳገቱን በሩጫ፣ በእርምጃ፣ እንደገና በሩጫ እያፈራረቀ ቢወጣው የሚያሳፍር ነገር የለበትም። ቀጥ ባለ ዳገት ላይ የተራራ ሩጫ ታላላቅ ሰዎችም በእርምጃ ነው የሚወጡት።

ቁልቁለቱን በተመለከተ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሚኔቲና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ ሯጭ በሜዳ ላይ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደቱ በሜትር 3.4 ጁል ያህል እንደሚያወጣ፣ 20 በመቶ በሆነ ቁልቁለት ላይ ግን ይህ ወደ ግማሽ እንደሚወርድ አሳይተዋል። ቁልቁለቱ ከዚያ ሲብስ ኃይሉ እንደገና ይጨምራል፤ ሯጩ ራሱን መግታት ግድ ይሆንበታልና። ጡንቻ እየተሳበ ሲገታ ከሁሉ ይበልጥ ይጎዳል። በማግሥቱ ደረጃ መውረድ የሚያቅተው ሰው ዳገቱ ሳይሆን ቁልቁለቱ ነው የጎዳው። አጭር እርምጃ፣ ለስላሳ ጉልበትና ትዕግሥት መድኃኒቱ ነው። ክረምት በገባ ጊዜ ደግሞ የእንጦጦ ጭቃ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ ገና ሳይነጋ ለሚወጣም ሰው ጅብ በዚያ ጫካ ውስጥ መኖሩን ማስታወስ ይገባል። በቡድን መሮጥ የሚመከረው ለዚህም ጭምር ነው።

የሌላው አገር ልምድ

በሰሜን እንግሊዝ አገር ሣር ብቻ በለበሱ ተራሮች ላይ ለመዝናናት መሮጥ የቆየ ልማድ ነው። ቦብ ግራሃም የተባለ፣ በኬዚክ ከተማ የእንግዳ ማረፊያ ቤት የነበረው ሰው እ.ኤ.አ. በሰኔ 1932 በ24 ሰዓት ውስጥ 42 ተራሮችን ወጥቶ ወርዷል። ጆስ ኔይለር የተባለ በግ አርቢ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1975 በዚሁ ጊዜ ውስጥ 72 አድርሷል። እነዚህ ሰዎች እንጀራቸው ሩጫ አልነበረም፤ አንዱ እንግዳ ሲያስተናግድ፣ ሌላው በግ ሲጠብቅ የኖረ ነው።

ይሁንና ቦብ ግራሃም በሮጠበት በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ሌላ ነገር ተፈጽሟል። በማንቸስተር አካባቢ የፋብሪካ ከተሞች የሚኖሩ በመቶ የሚቈጠሩ ሠራተኞች፣ ለባላባቶች አደን ተከልሎ ወደ ነበረው ኪንደር ስካውት ተራራ ያለ ፈቃድ በአንድነት ወጡ። ከእነርሱም አምስቱ ታሰሩ። ጥያቄያቸው ሜዳሊያ አልነበረም፤ በሳምንት አንድ ቀን ንጹሕ አየር የመተንፈስ መብት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1951 ያ አካባቢ የአገሪቱ የመጀመሪያ ብሔራዊ ፓርክ አካል ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ሕግም በእንግሊዝና በዌልስ ባልታረሱ ተራሮች ላይ በእግር የመሄድን መብት አጸና። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፣ ሯጭ ከመኖሩ በፊት መንገድ መኖር አለበት፤ መንገዱም የሕዝብ መሆኑ መታወቅ አለበት የሚል ነው።

በኢትዮጵያም ሕዝቡ ለመሮጥ ፍላጎት እንደማያጣ ታይቷል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ የሆነበት ታላቁ ሩጫ በኅዳር 1994 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ 10,000 ሰዎች ተሳትፈዋል፤ ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ከ40,000 አልፏል። ይሁን እንጂ ያ በዓመት አንድ ቀን፣ አውራ ጎዳናው ለሯጭ ሲለቀቅ ብቻ የሚሆን ነው። ቀሪዎቹ 364 ቀናት ናቸው ጥያቄው።

የመሐንዲሱ ድርሻ

እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ለሕዝብ ተከፍቷል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው የኮሪደር ልማትም በብዙ አውራ ጎዳናዎች የእግረኛውን መንገድ አስፍቷል። እነዚህ ሊመሰገኑ የሚገባቸው ሥራዎች ናቸው። የሚቀረው ግን ሁለቱን ማገናኘት ነው። ፓርኩ በመኪና ለሚደርስ ሰው ቅርብ ሲሆን፣ ከጌጃ ሰፈር በእግሩ ለሚነሣ ሰው ግን ሩቅ ነው፤ የሚያርቀውም ኪሎ ሜትሩ ሳይሆን ክዳን የሌለው የፍሳሽ ጉድጓድ፣ በድንገት የሚቋረጥ የእግረኛ መንገድና መኪና የማያሻግረው መስቀለኛ ነው። መሐንዲስ ለመኪና መንገድ ሲነድፍ መሥመሩ መሐል ላይ እንዲቋረጥ አይፈቅድም። ለእግረኛም እንዲሁ ሊያስብ ይገባዋል። ቀበናና ግንፍሌ ከእንጦጦ ወርደው ከተማዋን ያቋርጣሉ፤ የወንዝ ዳር ልማት በሚነደፍበት ጊዜ ሁሉ ከታች እስከ ላይ የማይቋረጥ የእግር መንገድ ቢታሰብ፣ ተፈጥሮ ራሷ የቀየሰችው መሥመር ተገኘ ማለት ነው።

በተራራው ላይ ያለው የእግር መንገድም የምሕንድስና ሥራ ነው። ቁልቁል በቀጥታ የተሳበ መንገድ በሁለት ክረምት ቦይ፣ በአምስት ክረምት ገደል ይሆናል። በሌሎች አገሮች የሚሠራበት ደንብ ቀላል ነው፤ የመንገዱ ተዳፋት በአማካይ ከ10 በመቶ አይበልጥ፣ ከተራራው ጎን ተዳፋት ግማሽም አይለፍ፤ ወለሉም ወደ ውጭ ጥቂት ያዘንብል፣ ውሃው መንገዱን ተከትሎ እንዳይወርድ አቋርጦት ይሂድ። ይህ ሲሚንቶም ብረትም አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ቀያሽ፣ ዶማና አካፋ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን፣ ዳገቱ ሰው የሌለበት ቦታ እንዳልሆነ መዘንጋት የለበትም። ለብዙ ዘመናት ከእንጦጦ ከ30 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን የማገዶ ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው የወረዱት እናቶችና ልጃገረዶች ናቸው። አንዱ ለመዝናናት የሚሮጥበትን ቁልቁለት ሌላዋ ለዕለት ጉርስ አጎንብሳ ወርዳዋለች። በተራራው ላይ ከሚገኙት የእግር መንገዶች ብዙዎቹን የቀየሰው የእነርሱ እግር ነው። አጥር ሲታጠር፣ በር ሲተከል፣ መንገድ ሲለወጥ መጀመሪያ ሊጠየቁ የሚገባቸው እነርሱ ናቸው። ሯጭም ቢሆን ሸክም የያዘች ሴት ከፊቱ ስትመጣ ከመንገዱ ወጥቶ ማሳለፍ የመጀመሪያው ደንቡ ሊሆን ይገባል።

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፤

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አንድ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። በስሌትና በንድፍ ሥራ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውል ባለ ሞያ ከዚህ ምክር ውጪ አይደለም። ስለዚህ ለዚህ ጉባኤ ሁለት አሳቦች ይቀርባሉ። አንደኛው፣ አባላት በየሰፈራቸው እየተሰባሰቡ በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ ማለዳ፣ ከቤታቸው ደጃፍ ተነሥተው በእግራቸው ወደ እንጦጦ ቢወጡ መልካም ነው። ሁለተኛው፣ በዚያው ጉዞ ላይ የእግር መንገዱ የተቋረጠበትን፣ ጉድጓዱ የተከፈተበትን፣ ማቋረጫው የጠፋበትን ቦታ ሁሉ እየመዘገቡ በካርታ ላይ ቢያሰፍሩትና ከመፍትሔው ንድፍ ጋር ለሚመለከተው ክፍል ቢያቀርቡት ነው። በመኪና መስኮት ያልታየው ጉድለት በእግር ሲኬድ ይታያል፤ የታየ ጉድለትም ለመሐንዲስ ሥራ እንጂ ምሬት አይደለም።