በፕላኔቶች መካከል ያለው ማግኔታዊ መስክና የምድር ማግኔታዊ ማዕበል



ከፀሐይ ሳያቋርጡ የሚፈልቁ፣ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች በሴኮንድ 400 ኪሎ ሜትር ያህል እየፈጠኑ ወደ ምድር ይነፍሳሉ። ይህ የፀሐይ ነፋስ የፀሐይን ማግኔታዊ መስክ አብሮ ይጎትታል። መስኩ ምድር አጠገብ ሲደርስ በተለመደው ጊዜ ከጥቂት ናኖቴስላ አይበልጥም፤ በምድር ወገብ አካባቢ የምድር የራሷ መስክ ግን 30 ሺህ ናኖቴስላ ያህል ነው። ታዲያ ይህን ያህል ደካማ የሆነ መስክ ብርቱውን እንደምን ሊያናውጠው ይችላል?

ምስጢሩ ከብርታቱ ይልቅ በአቅጣጫው ላይ ነው። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ጄምስ ደንጊ እ.ኤ.አ. በ1961 እንዳስረዱት፣ ለፀሐይ ፊት ለፊት በሆነው ወገን የምድር መስክ ወደ ሰሜን ያመለክታል። መጪው መስክም ወደ ሰሜን ያዘነበለ እንደሆነ ነፋሱ በአመዛኙ ዳር ዳሩን ይዞ ያልፋል። ወደ ደቡብ ሲዞር ግን ተቃራኒዎቹ መስመሮች ተበጥሰው እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ፤ የነፋሱም ጉልበት ወደ ውስጥ ይገባል። ፌርፊልድና ካሂል ኤክስፕሎረር 12 ከተባለችው ሳተላይት በተገኘ ልኬት ይህንኑ ዝምድና እ.ኤ.አ. በ1966 አሳይተዋል። በመጋቢትና በመስከረም ማዕበል የሚበረክተውም፣ በእነዚህ ወራት የምድር ዝንባሌ ለደቡባዊው አቅጣጫ ስለሚያመች ነው።

መሐንዲሱን የሚመለከተው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በማዕበል ጊዜ የምድር መስክ በፍጥነት ስለሚለዋወጥ በረጅም የኤሌክትሪክ መስመሮች ውስጥ ቀጥተኛ ከረንት የሚመስል ፍሰት ይቀሰቀሳል፤ ይህም ከመሬት ጋር በተገናኘው ኒውትራል በኩል ትራንስፎርመር ውስጥ ገብቶ ኮሩን ከልክ በላይ በማግኔት ይሞላዋል። እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 1989 በካናዳ የኩቤክ መረብ 90 ሴኮንድ ያህል በሆነ ጊዜ ውስጥ ወደቀ፤ 6 ሚሊዮን ያህል ሕዝብም ለ9 ሰዓት ገደማ ያለ መብራት ቆየ። ከሥር ያለው ጥንታዊ አለት ከረንት በደንብ ስለማያስተላልፍ ፍሰቱ የቀለለውን መንገድ፣ ማለት ሽቦውን መረጠ።

ከፀሐይ የሚነሣው ፍንዳታ በመነጽር ቢታይም፣ የሚያመጣው መስክ ወዴት እንደሚያዘነብል በእርግጠኝነት የሚታወቀው ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀው የሚጠብቁት ሳተላይቶች ሲለኩት ነው። ከዚያ ወዲያ ለተቆጣጣሪው የሚቀረው ጊዜ ቢበዛ አንድ ሰዓት ያህል ነው።

አዲስ አበባ ከዋልታ ስለምትርቅ ነገሩ አይነካትም ማለት ስሕተት ነው። ከተማዋ ለማግኔታዊው ወገብ ቅርብ ናት፤ በዚያም 100 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ብርቱ የኤሌክትሪክ ፍሰት ቀን ቀን ያልፋል። መስኩ በድንገት ወደ ደቡብ ሲዞር ይህ ፍሰት በደቂቃዎች ውስጥ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ የአዲስ አበባው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የሚመዘግበው መስክ፣ በትራንስፎርመሮች ኒውትራል ላይ ከሚለካ ከረንት ጋር ሰዓት በሰዓት ቢነጻጸር፣ የአገሪቱ ረጃጅም መስመሮች ምን ያህል እንደሚነኩ በቁጥር ይታወቃል።