ፖስታው የሚናገረው
(በትምህርት ቤታችን የበዓል ቀን የተነገረ)



ዛሬ ልናገር የተነሣሁት ስለ ኢሜይል ነው፤ ይኸውም ስለ ውስጡ ቃል ሳይሆን ስለ ፖስታው ነው።

ወላጆቻችን እንደሚያስታውሱት፥ ከደብረ ማርቆስ የተላከ ደብዳቤ ላኪው ስሙን ባይጽፍበት እንኳ ማኅተሙ መነሻውን ይናገር ነበር። ኢሜይልም እንደዚሁ ነው። መልእክቱን የሚያሳልፍ ኮምፒውተር ሁሉ ከማንና በስንት ሰዓት እንደ ተቀበለው አንድ መስመር ከላዩ ይጨምርበታል። ይህ ጽሑፍ ሄደር ይባላል፤ መነሻውን የሚሻ ሰው ከታች ወደ ላይ ያነበዋል። በታችኛው መስመር አንዳንድ ጊዜ የላኪው አይፒ አድራሻ፥ ማለት በኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበት ቁጥር፥ ይገኛል። ጂሜልን በድረ ገጹ ከፍቶ የሚጽፍ ሰው ቁጥሩ ለተቀባዩ አይታይም። በኮምፒውተር ላይ በተጫነ የኢሜይል ፕሮግራም የሚልክ ግን ሊታይበት ይችላል።

ቁጥሩ የቤት በር አያሳይም፤ አገሩንና ኢንተርኔት የሚሰጠውን ድርጅት፥ አንዳንዴም ከተማውን ይጠቁማል። የቀረውን የሚያውቀው ድርጅቱ ነው። በአገራችንም በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 የግንኙነቱ መዝገብ ቢያንስ አንድ ዓመት እንዲቆይ ያዛል።

በ2009 ዓ.ም. በውጭ አገር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቪዲዮ እንዲያዩ የሚጋብዝ ኢሜይል ይደርሳቸው ነበር። የታዘዘውን ፕሮግራም የጫነ ሁሉ ኮምፒውተሩን ለሰላይ አስረከበ። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሲቲዝን ላብ በኅዳር 2010 ዓ.ም. እንደ ገለጸው፥ የሰላዮቹ ኮምፒውተር የአይፒ ቁጥሮችን መዝገብ ለማንም ክፍት አድርጎ ትቶት ነበር፤ የተሰለሉት በ20 አገሮች እንደ ነበሩ ከዚያ ተነበበ። ቁጥር ለሰላዮቹም አልራራላቸውም፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ሆነው ይሠሩ እንደ ነበር ጠቆመባቸው። ይህ መዝገብ እንጂ ሄደር አይደለም፤ ቁጥሩ ግን ያው ነው።

እኔን ነገሩን እንድመረምር ያደረገኝ የሰፈራችን ጉዳይ ነው። ወደ ዐረብ አገር ሄዳ ከአሠሪዋ ቤት የጠፋች አንዲት እኅታችን፥ በጓደኛዋ ኮምፒውተር ለወንድሟ ጻፈችለት። «ደኅና ነኝ፤ ያለሁበትን ግን አትጠይቀኝ» አለችው። የላካት ደላላ ይህን በሰማ ጊዜ፥ «እንድረዳት ፋይሉን እንዳለ ላክልኝ» ብሎ ለመነው። ልጁ የዋህ ነው፤ ሊልክለት ተነሥቶ ነበር። አብረን ሄደሩን ከፈትነው። ቁጥሩ ከታች ተቀምጧል፤ ብንፈልገው የከተማዋን ስም ነገረን። እርሷ ከገዛ ወንድሟ የሰወረችውን!

ደላላው ምንም አልተላከለትም። ወንድሟ ቃሏን ብቻ በወረቀት ገልብጦ ለእናቱ አነበበላቸው። ለእርሷም፥ «ከእንግዲህ በጂሜል ድረ ገጽ በኩል ጻፊ» ብለን መለስንላት። ከዚያ ወዲህ በመጡት ሁለት መልእክቶች ላይ ሄደሩን ከላይ እስከ ታች አይተናል፤ የጉግል ቁጥር ብቻ ነው ያለው።