ሐኪም ሲቀጠር
(ለተማሪዎች ማኅበር አባሎች የተሰጠ ንግግር)



ከሕክምናውም ከሕጉም ክፍል የመጣችሁትን በአንድ አዳራሽ ለማነጋገር በመቻላችን ደስ ብሎናል። የመረጥነው አርእስት፥ ሐኪም ለግል ክሊኒክ ሲቀጠር በሕግ ረገድ ሊታሰብ የሚገባው ምንድር ነው የሚል ነው። ከመካከላችሁ አንዳንዶቹ ነገ ተቀጣሪ፥ አንዳንዶቹ ቀጣሪ፥ የቀሩትም የነዚሁ ጠበቃ መሆናችሁ አይቀርም። በሽተኛ ግን ሁላችንም እንሆናለን።

በመጀመሪያ የሚጠየቀው የሙያ ፈቃዱ ነው። ዲግሪ፥ ሰውየው መማሩን ይመሰክራል፤ እንዲያክም የሚያስችለው ግን ፈቃዱ ነው። ስለዚህ ቀጣሪው ፈቃዱ ዘመኑ አለማለፉንና ለታሰበው ሥራ የሚበቃ መሆኑን ከሰጪው መሥሪያ ቤት ጠይቆ ማረጋገጥ አለበት። ፎቶ ኮፒ አይቶ ዝም ማለት አይበቃም። ያለ ፈቃድ ማከም በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ያስቀጣል።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንበል። ፈቃድ የሚያከራዩ ሐኪሞች እንዳሉ ሁላችንም እንሰማለን። የሐኪሙ ስም በግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ እሱ ግን በወር አንድ ቀን ገንዘቡን ሊቀበል ብቅ ይላል። በሽተኛውን የሚያየው ሌላ ሰው ነው። ይህንን «ውል» ብለው የሚጠሩት አሉ፤ እኛ ግን በዚህ ስም ለመጥራት ይቸግረናል። ጉዳዩ ከሕግ ውጭ የሆነ ውል በ1952 ዓ.ም. በታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዘንድ አይጸናም። ሰው የተጎዳ ዕለት ደግሞ ፖሊስ አስቀድሞ የሚያነበው የተሰቀለውን ስም ነው።

ሁለተኛው ነገር፥ ሐኪሙ ሠራተኛ ነው ወይስ በራሱ ኃላፊነት የሚሠራ ባለሙያ የሚለው ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156፥ በራሱ የሙያ ኃላፊነት ዋጋ እየተከፈለው የሚሠራውን ሰው አይመለከትም። ይህን ያወቁ አንዳንድ ባለ ክሊኒኮች ሁሉንም ሐኪም «አማካሪ» እያሉ ያስፈርሙታል። ነገር ግን የሥራ ሰዓቱን የሚወስነው ባለ ክሊኒኩ ከሆነ፥ መሣሪያውም የክሊኒኩ ከሆነ፥ ደመወዙም በየወሩ የሚከፈል ከሆነ፥ በወረቀት ላይ የተጻፈው ስም ብቻውን ነገሩን አይለውጠውም።

ሠራተኛ ከሆነ ዘንድ መደበኛው ሥራ በቀን 8፥ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። የትርፍ ሰዓት ሥራም በቀን ከ4፥ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ክፍያው እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ የመደበኛው አንድ ከግማሽ፥ ከዚያ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አንድ ከሦስት ሩብ እጥፍ ነው። እንግዲህ አዳር ተረኛ ሆኖ ያነጋውን ሐኪም በማግሥቱ ደግሞ «ግባ» የሚሉት ቤቶች ይህን አዋጅ አንብበውት እንደሆነ እንጠራጠራለን። የሙከራ ጊዜም ከ60 የሥራ ቀን አያልፍም።

ወጣት ሐኪሞችን ይበልጥ የሚያስጨንቀው ግን የመልቀቂያው ነገር ነው። «ሁለት ዓመት ሳትሠራ ብትሄድ የስድስት ወር ደመወዝ ትከፍላለህ» የሚል አንቀጽ ያለበት ውል አለ። አንዳንዱም ዋናውን የትምህርት ማስረጃ ተቀብሎ በካዝና ይቈልፍበታል። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሊለቅ ይችላል፤ ሳያስጠነቅቅ ቢሄድ እንኳ ካሣው ከ30 ቀን ደመወዝ እንዳይበልጥ አዋጁ ወስኗል። ማስረጃውን በመያዣነት ማስቀመጥ ደግሞ ለሰው ልጅ የሚገባ ሥራ አይደለም። አይቶ፥ ቅጂውን አስቀርቶ፥ ዋናውን መመለስ ነው። ሠራተኛው ሲለቅም አሠሪው የሥራ ምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ ሊሰጠው ይገባል።

ግብርና ጡረታን ባጭሩ እንለፈው፤ የሥራ ግብሩን ቀንሶ የሚያስገባው አሠሪው ነው። ለጡረታ ሠራተኛው ከደመወዙ 7፥ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። የውጭ አገር ሐኪም ከሙያ ፈቃዱ ሌላ የሥራ ፈቃድ ያስፈልገዋል። በመንግሥት ሆስፒታል የሚሠራውንም ሐኪም ለትርፍ ጊዜ ከመቅጠር በፊት የመሥሪያ ቤቱን ፈቃድ በጽሑፍ እንዲያመጣ መጠየቅ ብልህነት ነው።

በመጨረሻ የጥፋት ኃላፊነት አለ። ሐኪም ፈውስን አይዋስም፤ በጽሑፍ ግዴታ ካልገባ በቀር። የሙያውን ደንብ ተላልፎ ጥፋት ቢያደርግ ግን ይጠየቃል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ደግሞ የቀጠራቸው ሐኪሞችና ረዳቶቻቸው በጥፋታቸው ላደረሱት ጉዳት የሕክምናውን ቤት ራሱን ተጠያቂ ያደርገዋል። ባለ ክሊኒኩ «እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ሐኪሙን ጠይቁት» ብሎ ከበሽተኛው ፊት ዞር ሊል አይችልም። ስለዚህ የሙያ ኢንሹራንስ መኖሩ፥ አረቦኑንም ማን እንደሚከፍል በውሉ ውስጥ ይጻፍ። የበሽተኛው ካርድም የክሊኒኩ አደራ ስለሆነ፥ ሐኪሙ ሲለቅ ይዞት አይሄድም፤ ምሥጢሩን ግን ከለቀቀም በኋላ የመጠበቅ ግዴታ አለበት።

ከሕክምና ክፍል የመጣችሁ ጓደኞቻችን፥ እንድትፈርሙ የተሰጣችሁ ውል በእጃችሁ ካለ ከስብሰባው በኋላ አምጡልን፤ አብረን እናነበዋለን።