ቀብድና ቀጠሮ

ቀብድ የተቀበለ ልብስ ሰፊ፣ ጨርቁ ላይ ገና መቀስ ሳያሳርፍ፣ አንድ ቀን ሸጧል። ደንበኛዋ የምትከፍለው ለጨርቁም ለስፌቱም ነው፤ ሆኖም ለጥምቀት የታዘዘ የሐበሻ ቀሚስ ጥር 12 ቀን ቢደርስ፣ የቱንም ያህል ቢያምር የታሰበለት በዓል አልፏል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ተረት ከማንም በላይ የሚመለከተው ይህን ሙያ ነው። ዛሬ በልብስ ስፌት የሚመረቁት ወጣቶች ልኬት፣ ቅድና ስፌት ተምረዋል፤ የራሳቸውን ሱቅ ሲከፍቱ ግን ደንበኛ አስቀድሞ የሚፈትናቸው በቀጠሮ ነው።

ቀጠሮ በአብዛኛው የሚፈርሰው ሳይቆጠር ስለሚነገር ነው። የሐበሻ ቀሚስ በብዙ እጅ ያልፋል፦ ፈትሉን የሚያዘጋጅ፣ ሸማውን የሚሸምን፣ ጥለቱን የሚያወጣ፣ በመጨረሻም የሚሰፋ። በሽሮ ሜዳ ሱቅ ያለው ሰፊ «ቅዳሜ ይደርሳል» ሲል ስለ ሸማኔውም ቃል እየገባ ነው፤ ሸማኔው ደግሞ በዚያው ሳምንት የሌሎች ሱቆችን ትእዛዝ ይዟል። መብራት የሚጠፋበት ቀንም አለ። ስለዚህ ሒሳቡ የሚጀምረው ከርክክቡ ቀን ወደ ኋላ ነው። ደንበኛዋ ለብሳ የምታይበትና የጠበበው የሚሰፋበት ጊዜ ይቀነሳል፣ የስፌቱ ቀናት ይቀነሳሉ፣ ሸማው የሚጠበቅበት ጊዜ ይቀነሳል። ከዚህ በኋላ ቀን ካልተረፈ መልሱ «አይደርስም» ነው። የሱቅ ኪራይ በደረሰበት ሳምንት ይህን ቃል መናገር ከባድ መሆኑ አይካድም፤ ቢሆንም ሰፊው በሙሉ ልቡ ሊናገረው የሚችለው እውነት እሱ ብቻ ነው።

ሥራ የሚደራረብበት ወቅት ደግሞ ድንገተኛ አይደለም። ገና በታኅሣሥ መጨረሻ፣ ጥምቀት ጥር 11 ቀን ይውላሉ። ከዚያ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ የሠርግ ጊዜ ነው፤ በጾሙ 55 ቀናት የኦርቶዶክስ ሠርግ አይደገስም፤ ከፋሲካ በኋላ ሠርጉ እንደገና ይጀምራል። ይህን የሚያውቅ ሰፊ ለጥር ስንት ቀሚስ ማድረስ እንደሚችል በኅዳር ይወስናል፤ ቁጥሩ ሲሞላም ትእዛዝ መቀበሉን ያቆማል።

ከቀጠሮው የማይለየው ሌላው ጉዳይ የቀብዱ ገንዘብ ነው፤ ብዙ ትንንሽ ሱቆች የሚወድቁትም እዚህ ላይ ነው። ቀብድ ገና ያልተሠራበት ገንዘብ ነው። ኪስ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ከትርፍ መለየቱ ይረሳል፤ ኪራይ ይከፈልበታል፣ እቁብ ይጣልበታል፣ ለልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ይውላል። ከዚያ የመጀመሪያዋ ደንበኛ ጨርቅ የሚገዛው በሁለተኛዋ ቀብድ፣ የሁለተኛዋ በሦስተኛዋ ይሆናል። ትእዛዝ እስከጎረፈ ድረስ ጉድለቱ አይታይም። ጾሙ ገብቶ ገበያው ሲቀዘቅዝ የመጨረሻዎቹ ደንበኞች ጨርቅ የሚገዛበት ብር አይኖርም፤ ሰፊው ማንንም ለማታለል ሳያስብ እንደ አታላይ ስልኩን ማጥፋት ይጀምራል። መከላከያው ቀላል ነው፦ ቀብዱ በገባበት ቀን ጨርቁን ወይም ክሩን መግዛት፣ ይህ ካልተቻለ ገንዘቡን በተለየ የባንክ ሒሳብ ማስቀመጥ።

ሕጉም ቀብድን በቸልታ አያየውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ መሰጠቱን ውል ለመደረጉ ማስረጃ ያደርገዋል። ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው የሰጠውን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለ አንድ ቀሚስ ፍርድ ቤት የሚሄድ ደንበኛ ብዙ አይደለም። የሕጉ ሚዛን ግን ትክክል ነው፤ ምክንያቱም ቀብድ የከፈለችው ሴት ከብሩ ሌላ ወደ ሌላ ሱቅ መሄዷንም ትታለች።

ሁሉም ተቆጥሮ እንኳ የሚዘገይበት ጊዜ ይኖራል። ሸማኔው ይታመማል፣ የተፈለገው ቀለም ክር ከገበያ ይጠፋል። በዚህ ጊዜ ዋጋ ያለው ነገር የተነገረበት ሰዓት ነው። ከሳምንት በፊት የተነገራት ደንበኛ የተዘጋጀ ልብስ ትገዛለች፣ ወይም ከእህቷ ትዋሳለች፤ በዋዜማው «ነገ ነይ» የተባለችው ምንም አማራጭ የላትም። ልኬቷን በቴሌግራም ከዋሽንግተን የላከች ደንበኛ ስትሆን ጉዳዩ ይብሳል፤ ልብሱን የሚይዝላት መንገደኛ የበረራው ቀን የተቆረጠ ነው፣ እሱ ካመለጠ ሌላ መንገደኛ እስኪገኝ ሠርጉ ያልፋል።

ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚቀረው ሒሳብ እንደ ልብሱ ዓላማ ይለያያል። ለዘወትር የታዘዘ ልብስ ሁለት ቀን ቢዘገይ ይቅርታና ትንሽ የዋጋ ቅናሽ ይበቃዋል። ለሠርግ የታዘዘው ግን ከሠርጉ ማግስት ተሰፍቶ ቢያልቅም ደንበኛዋ ልትወስደው አትገደድም፤ ቀብዷ ሳትጠይቅ ሊመለስላት ይገባል፤ ቀሚሱን ሸጦ ወጪውን የማካካሱ ድካም የሰፊው ነው። ክርክር እንዳይነሳም ልኬቱ፣ የጥለቱ ቀለም፣ የተከፈለው ብርና የርክክቡ ቀን በሁለት ወረቀት ተጽፈው አንዱ ለደንበኛዋ ይሰጣል፤ የልብሱ ዓላማም፣ ለሠርግ ወይም ለበዓል ከሆነ፣ እዚያው ወረቀት ላይ ይሰፍራል።