የመንዝ ባና ባለቤቶች

(ድምፅ፦ የሸማኔ መወርወሪያ ወዲያ ወዲህ ሲል)

አቅራቢ፦ የባህል ዴሞክራሲ ሲባል ብዙዎቻችን ቴያትር ከከተማ ወደ ገጠር መላክ ይመስለናል። ዛሬ ግን ከመንዝ ደጋ እንነሣ።

እዚያ ባና የሚባል የሱፍ ልብስ አለ። የበጉ ፀጉር ይሸለታል፤ ሴቶቹ በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ ይሠራዋል። ጥቁሩም ቡኒውም የበጉ የራሱ ቀለም ነው። በመንዝ ከፍታ ያለውን የጓሳን ብርድ የቀመሰ ሰው ባናው ለምን ወፈረ ብሎ አይጠይቅም። ፈታይዋ ክሩን ስታጠብቅ ወይም ስታላላ የልብሱን ጠባይ እየወሰነች ነው፤ እኔ እሷንም አርቲስት ብዬ ነው የምጠራት።

ከሽመናው ወደ መድረክ ስንመጣ ደግሞ፣ በደርግ ዘመን ከቀበሌ ጀምሮ የኪነት ቡድኖች ተቋቁመው ነበር። ብዙ የገጠር ወጣት መድረክ ላይ የወጣው ያኔ ነው፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መልእክቱ ግን ከላይ ይወርድ ነበር። መሳተፍ አንድ ነገር ነው፤ ምን እንደሚሠራ መወሰን ሌላ፤ የባህል ዴሞክራሲ ሁለቱንም ይፈልጋል።

በ1948 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ፣ አንቀጽ 27፣ ማንም ሰው በማኅበረሰቡ የባህል ሕይወት በነፃነት የመካፈል መብት አለው ይላል። ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 41 ኪነ ጥበብን የመደገፍ ኃላፊነት በመንግሥት ላይ ጥሏል። እንግዲህ በመንዟ ከተማ በመሐል ሜዳ የባህል ዝግጅት ሲታሰብ ፈታይዋና ሸማኔው የሚጠሩት ለትርኢት ብቻ መሆን የለበትም። ዕቅዱ ሲወጣ ይቀመጡ፤ የሚታየውንም፣ ዋጋውንም እነሱ ይወስኑ።