አቡነ መስያስ በፊልም



ጣሊያናዊው የካቶሊክ ጳጳስ ጉልየልሞ ማሳያ በ1852 እ.ኤ.አ. ጉዱሩ ገቡ፤ ኋላም ለኢሉባቦር ጎረቤት በሆነው በከፋ አስተማሩ። ፈንጣጣ አገሩን ሲፈጀው ሕዝቡን ይከትቡ ነበር። ልጇን ታቅፋ ወረፋ የምትጠብቅ እናት፣ ክንዱ ላይ ጫር ሲደረግ የሚያለቅስ ሕፃን ይታየኛል። የኦሮምኛ ሰዋስው ጽፈው በ1867 ፓሪስ ላይ አሳትመዋል። በ1879 አፄ ዮሐንስ ከአገር አስወጧቸው።

ሕይወታቸው «አቡነ መስያስ» በሚል ርዕስ በ1939 ፊልም ሆነ፤ በቬኒስ ፌስቲቫልም የሙሶሊኒን ዋንጫ አገኘ። የዋንጫው ስም ብቻውን ያማል። የኢሉባቦሯ ጎሬ በ1936 አዲስ አበባ በሙሶሊኒ ጦር ከተያዘች በኋላ የነፃው መንግሥት መቀመጫ ነበረችና!

የኢሉባቦር ወጣቶች ይህን ታሪክ እንደገና ቢቀርጹት፣ ከዚያች እናት ቢጀምሩልን እወዳለሁ።